ኦሪጅናሉ ወይስ ከቨሩ? የታወቁ የፖፕ ዘፈኖችን ዳግም ቅጂዎች መምረጫ

የአንድ ዝነኛ ዘፈን ርዕስ በሙዚቃ መተግበሪያ ላይ ሲጻፍ የሚመጣው መልስ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የዘፈነው አለ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያነሣው አለ፣ በፒያኖ ብቻ የተጫወተችው አለች፣ በዳንስ ምት የቀየረው አለ፤ ከእነዚህ ሥር ደግሞ ማን እንደዘፈነው የማይታወቅ መዓት ቅጂ ተደርድሯል። የቢትልስ «የስተርደይ» በ1965 ከወጣ ጀምሮ እስከ 1986 መባቻ ድረስ ብቻ 1,600 ያህል ጊዜ ዳግም መቀረጹን ጊነስ መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚጨርስ ሰው የለም፤ መምረጥ ግድ ነው።

ከቨር የምንለው ቀደም ሲል በሌላ ድምፃዊ የታወቀን ዘፈን ሌላው እንደገና ሲጫወተው ነው። ከዚህ በታች የተመለከትኳቸው አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘፈኑና ዓለም በስፋት የሚያውቃቸው ሥራዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ምክንያት ነው። ድምፃዊው ይህን ዘፈን ለምን አነሣው? በጥሩ ከቨር ውስጥ አንድ ግልጽ ውሳኔ ይሰማል፦ ፍጥነቱ ተለውጧል፣ ተናጋሪው ተለውጧል፣ አጃቢው ተራቁቷል፣ ወይም የዘፋኙ ዕድሜ ራሱ ለግጥሙ ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔ አልተወሰነም፤ መባዘን ነው። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ኦሪጅናሉ እዚያው አለ፤ እሱን እንዳንሰማ ማን ከለከለን?

ሁለተኛው ቃሉ ነው። ዘፋኙ የሚለውን ያውቀዋል? ከአራቱ መለኪያዎች ብዙ ሰው የሚጥለው ይህኛው ነው። ድምፁ የሻከረ ሰው ግጥሙ ስለገባው ብቻ ሊያስለቅስ ይችላል። ድምፀ መረዋው በኀዘን ስንኝ ላይ ፈገግ ሲል ግን ፊቱን ባናይም ይሰማል።

ሦስተኛው ዜማው ነው። ጌጥ ይጨመርበት፣ ይሰበር፣ ይዘግይ፤ ነገር ግን ጌጡ ሲራገፍ ሊዘመር የሚችል ዜማ መቅረት አለበት። አራተኛው ራስን መቻል ነው። ኦሪጅናሉን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይህን ቅጂ እንደ ሙሉ ዘፈን ይቀበለዋል? ለቀልድ የተሠሩ ከቨሮች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ አንድ ጊዜ ያስቃሉ፣ ዳግም የሚከፍታቸው የለም።

ሆን ብዬ የተውኳቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ፦ የሽያጭ ብዛትና የደራሲው ምስጋና። ሽያጭ የሚነግረን የወቅቱን ገበያ ነው። ደራሲውም ቢሆን ከእያንዳንዱ ከቨር ክፍያ የሚያገኝ ሰው ስለሆነ ቢያመሰግን አይደንቅም። ሁለቱም እንዴት እንደሚያሳስቱ ወደፊት እናያለን።

«ሃሌሉያ»፦ ምርጫው ከሁሉ የሚያስቸግረው

ካናዳዊው ሊዮናርድ ኮኸን ይህን ዘፈን ለዓመታት ሲጽፍ ሲሰርዝ ቆይቶ በ1984 አወጣው። የዘፈኑ መኖሪያ የሆነውን አልበም ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ለመልቀቅ እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። የኮኸን ቅጂ ወፍራም ድምፅ፣ የሰማኒያዎቹ ሲንተሳይዘርና በአዝማቹ ላይ የሚነሣ የአጃቢዎች ኅብረ ድምፅ ያለበት ነው። በቃሉ በኩል የሚደርስበት የለም፤ እያንዳንዱን ስንኝ ግማሹን እንደ ጸሎት፣ ግማሹን እንደ ምፀት ይናገረዋል። ቅንብሩ ግን አርጅቷል። በመጀመሪያ ይህን ቅጂ የሰማ ሰው ይህ ሁሉ ዝና ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

መልሱ በ1991 ከዌልሳዊው ጆን ኬል መጣ። ለኮኸን ክብር በተዘጋጀ አልበም ላይ ሊዘፍነው ፈልጎ ስንኞቹን እንዲልክለት ጠየቀው፤ ኮኸንም አሥራ አምስት ገጽ ያህል በፋክስ ላከለት። ኬል ከዚያ ክምር ውስጥ መንፈሳዊውን ቀነሰ፣ የፍቅርና የገላን ነገር የሚያነሡትን አጎላ፣ በፒያኖና በድምፁ ብቻ ዘፈነው። ዛሬ ብዙው ሰው «ሃሌሉያ» ብሎ የሚያውቀው በዚህ ምርጫ የተቀረጸውን ዘፈን ነው። በ2001 በወጣው «ሽሬክ» የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ የሚሰማውም የኬል ድምፅ ነው፤ የፊልሙን የሙዚቃ አልበም የገዙት ግን እዚያ ላይ ሩፉስ ዌይንራይትን ነው ያገኙት። በልጅነቱ ፊልሙን ያየ ሰው የትኛውን እንደሚወድ ግራ ቢገባው በእሱ አይፈረድም።

ጄፍ በክሊ ዘፈኑን ከኬል ቅጂ ተምሮ በ1994 «ግሬስ» በተባለው አልበሙ ላይ በአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫወተው። ቅጂው የሚጀምረው በሚሰማ ትንፋሽ ነው። ኬል ሁሉን አይቶ እንዳበቃ ሰው በደረቁ ሲናገር፣ በክሊ ገና ነገሩ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፤ ድምፁ አንዳንዴ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ሊሰበር እስኪቃረብ ይወጣል። በ1997 በሠላሳ ዓመቱ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ስለሞተ ብዙዎች ቅጂውን ከሞቱ ለይተው ሊሰሙት አይችሉም። ሞቱን ትቶ ለሚሰማውም አራቱን መለኪያዎች ያልፋል።

አራተኛው የአሌክሳንድራ በርክ ነው። በ2008 በእንግሊዝ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር አሸንፋ ያወጣችው ይህ ቅጂ በአገሩ የሽያጭ ሠንጠረዥ የገናውን ሳምንት በአንደኝነት ያዘ። በቅጂው የተከፉ አድማጮች የበክሊን ገዝተው ሁለተኛ አደረጉት፤ የኮኸንም በ36ኛ ደረጃ ብቅ አለ። አንድ ዘፈን በአንድ ሳምንት በሦስት ድምፅ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ማየት ብርቅ ነው። የበርክ ድምፅ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የተሸናፊን ዘፈን የአሸናፊ መዝሙር ማድረጓ ነው፦ መዘምራን ይነሣሉ፣ ቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ጥርጣሬው የት እንደገባ አይታወቅም። ሽያጭን መለኪያ ብናደርግ ግን ከአራቱ አንደኛ እሷ በሆነች ነበር።

እኔ ኬልን አስቀድማለሁ፤ ያለ ምንም ማባበያ ዘፈኑን አቁሞ ስላሳየ። በክሊን የሚያስቀድም ሰው ከእኔ ጋር ክርክር የለውም። ትልቅ ድምፅ የሚወድ ደግሞ የኬ ዲ ላንግን የ2004 ቅጂ ይክፈት፤ እዚያ ድምፁም ጥርጣሬውም አለ።

ዘፈኑን ከባለቤቱ የወሰዱት

ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 የጻፈው «ሪስፔክት» ከሥራ የሚመለስ ወንድ ቤቱ ሲደርስ አክብሮት የሚጠይቅበት ዘፈን ነበር፤ ፈጣን፣ ጥሩ፣ ከብዙዎቹ ጋር የሚሰለፍ። አሪታ ፍራንክሊን በ1967 አነሣችውና ጠያቂዋን ሴት አደረገች። ይህች አንዲት ለውጥ የቀረውን ሁሉ አስከተለች፦ ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረች የምትጠራበት ክፍል በኦቲስ ቅጂ ውስጥ የለም፤ ከኋላ የሚመልሱላት የአጃቢዎቹ ድምፆች፣ መካከል ላይ የገባው ሳክስፎን፣ ሁሉም አዲስ ናቸው። አንድ ውሳኔ ሙሉ ዘፈን ሲያፈርስና ሲሠራ መስማት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአየር ሞገድ ሬዲዮ ለደራሲ እንጂ ለድምፃዊ ስለማይከፍል፣ ዘፈኑ እዚያ በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር ገንዘቡ ወደ ሬዲንግ ወገን እንጂ ወደ አሪታ አልሄደም።

«አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ላይ ውድድሩ እኩል ነው። ዶሊ ፓርተን የሥራ አጋሯ ከነበረው ከፖርተር ዋጎነር ስትለይ ጻፈችው፣ በ1974 አወጣችው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በር ላይ ቆማ እንደምትሰናበት ሰው ታወራዋለች። ኤልቪስ ፕሬስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ሥራ አስኪያጁ የመብቱን ግማሽ ሲጠይቅ ፓርተን እምቢ አለች። እምቢታዋ ብልህ እንደነበር በ1992 ታየ፤ ዊትኒ ሂዩስተን «ዘ ቦዲጋርድ» ለተባለው ፊልም ዘፍናው በአሜሪካ ሠንጠረዥ አናት ላይ ለ14 ሳምንት ተቀመጠ። የዊትኒ ቅጂ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ድምፅ ይጀምራል። ከዚያ ቀስ እያለ ይገነባና አንድ አፍታ ጸጥ ብሎ ከከበሮው ምት ጋር ይፈነዳል። ጌጡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያ ባዶ መግቢያ ዜማው በራሱ እንደሚቆም አስቀድሞ ስላስመሰከረ ጌጡን ይቅር እንላለን። የዊትኒን አስመስለው የሚዘፍኑት በሺህ የሚቆጠሩ ተወዳዳሪዎች የሚረሱት ይህንኑ መግቢያ ነው፤ ሁሉም ወደ ፍንዳታው ይቸኩላሉ።

«ኸርት» ላይ የሚሠራው ዕድሜ ነው። ትሬንት ሬዝነር ናይን ኢንች ኔይልስ ለተባለው ቡድኑ የጻፈው በሃያዎቹ ዕድሜው ነው፤ በ1994 ሲወጣ ራሱን የሚጎዳ ወጣት ጩኸት ነበር። ጆኒ ካሽ በ2002 ሲዘፍነው የ70 ዓመት ሕመምተኛ ነው። የግጥሙን አንድ ጸያፍ ቃል በእሾህ አክሊል ከመተካቱ በስተቀር ቃሉን አልነካም ማለት ይቻላል፤ ጊታርና ፒያኖ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ሌላ የለም። ሆኖም ያው ቃል ከወጣት አፍ ሲወጣ ምሬት፣ ከሽማግሌ አፍ ሲወጣ የሕይወት ሒሳብ ሆነ። በቪዲዮው ላይ የምትታየው ባለቤቱ ጁን ካርተር በግንቦት 2003፣ እሱም በመስከረም አረፉ። ኦሪጅናሉ መጥፎ አይደለም፤ ድባቡን የሚሻ አሁንም ወደ እሱ ይሂድ።

በዚሁ ጎራ የጂሚ ሄንድሪክስ «ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር» (1968) እና የሲኔድ ኦኮነር «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» (1990) አሉ። ቦብ ዲለን የመጀመሪያውን ደርቆ በሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር የዘፈነው፤ በኋላ መድረክ ላይ ራሱ ወደ ሄንድሪክስ መንገድ ተጠግቷል። ሁለተኛውን ፕሪንስ ጽፎት በ1985 «ዘ ፋሚሊ» የተባለ ቡድን ተጫውቶት ብዙም ሳይሰማ አልፎ ነበር። በሁለቱም ከቨሩን መምረጥ አያከራክርም።

ታማኝ ቅጂ፦ መቼ ይበቃል?

ሉክ ኮምብስ በ2023 የትሬሲ ቻፕማንን የ1988 «ፋስት ካር» ሲዘፍን ቅንብሩን እንኳ ብዙም አልነካም። በግጥሙ ውስጥ ሴት ገንዘብ ተቀባይ ነኝ የሚለውን ስንኝ እንዳለ ተወው፤ ጺማም የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኝ ሆኖ። ይህን አለመንካቱ ራሱ ውሳኔ ነው፦ ታሪኩ የእሷ መሆኑን ይናገራል። ዘፈኑ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፣ የቻፕማን የራሷ ስድስተኛ ነበር፤ እሷም በዚያው ዓመት በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት የዓመቱን ዘፈን ደራሲነት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ለማዳመጥ የትኛው? ያለ ጥርጥር ቻፕማን። የኮምብስ ቅጂ ሐቀኛ ነው፤ ሴትየዋን ገና ላላወቃት አድማጭ መግቢያ በር ይሆናል።

ዊዘር የተባለው ቡድን በ2018 የቶቶ ቡድንን «አፍሪካ» የሠራው፣ አድናቂዎቹ በኢንተርኔት ወትውተውት ነው። ከ1982ቱ ጋር ጎን ለጎን ሲሰማ ልዩነቱን ለመለየት ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል። ዜማው ትክክል፣ ቃሉ ትክክል፣ አጨዋወቱ ንጹሕ፤ ምክንያቱ ግን ከውጭ የመጣ ነው። መጥፎ ከቨር ብዬ አልጠራውም። የሚያገለግልበትን ቦታ ግን አላገኘሁለትም።

የወደቁት፣ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ

ማዶና በ2000 የዘፈነችው «አሜሪካን ፓይ» ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ የሚሄደውን የዶን ማክሊንን የ1971 ዘፈን ወደ አራት ደቂቃ ተኩል አሳጠረው። ኦሪጅናሉ በ1959 የአውሮፕላን አደጋ ከሞቱት ከነበዲ ሆሊ ተነሥቶ የአንድን ትውልድ ተስፋ መቆርቆዝ ስንኝ በስንኝ የሚተርክ ነው። መካከሉ ሲቆረጥ ትረካው ሄደ፣ አዝማቹ ቀረ፤ አዝማቹም በዳንስ ምት ላይ ምን እንደሚያለቅስ አያውቅም። በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፣ ማክሊንም በአደባባይ አሞገሰው። እነሆ ሁለቱም የተውናቸው መለኪያዎች በአንድ ቦታ።

ሊምፕ ቢዝኪት በ2003 «ዘ ሁ» የተባለውን የሮክ ቡድን «ቢሃይንድ ብሉ አይስ» ሲሠሩ የፈጸሙት ስሕተት ይበልጥ ይገርማል። የ1971ዱ ዘፈን በለሆሳስ ጀምሮ መካከል ላይ ወደ ቁጣ ይገለበጣል፤ የታመቀው ሰው የሚፈነዳው እዚያ ነው። በጩኸቱ የታወቀው ቡድን ያንን ክፍል አውጥቶ በቦታው ቃል የሚናገር የልጆች መጫወቻ የቡድኑን ስም ፊደል በፊደል ሲጠራ አስገባ። ዘፈኑ የሚጠብቀውን ነገር ማድረግ የሚችሉ ሰዎች ያንኑ ተዉት።

በመጋቢት 2020 ተዋናይዋ ጋል ጋዶትና በርካታ ታዋቂ ሰዎች የጆን ሌነንን «ኢማጅን» አንድ አንድ ስንኝ እየተቀባበሉ፣ ያለ አጃቢ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅኝት በስልክ ቀርጸው ለቀቁ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን ንብረት ስለሌለበት ዓለም የሚናገርን ግጥም ባለጸጎች ከሰፊ ቤታቸው ሲዘፍኑት ሕዝቡ ደግሞ በወረርሽኝ ምክንያት ሥራውን እያጣ ነበር፤ ቃሉ ራሱ ዘፋኞቹን ከሰሳቸው።

የፓት ቡን «ቱቲ ፍሩቲ» የዚህ ሁሉ አያት ነው። ሊትል ሪቻርድ በ1955 በፒያኖና በጩኸት ያቀጣጠለውን ዘፈን፣ የጥቁሮችን ሙዚቃ እንደ ልብ በማያጫውቱ የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘመን ቡን አለስልሶ ዘፈነው፤ በፖፕ ሠንጠረዡም ከሪቻርድ 17ኛ በልጦ 12ኛ ደረሰ። ምክንያቱ ገበያ ብቻ የሆነ ከቨር ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ሁለቱን በተከታታይ ይስማ።

ብዙዎች ከሁሉ የከፋ የሚሉትን የዊሊያም ሻትነርን የ1968 «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ» እዚህ አላስገባሁም። ተዋናዩ ዘፈኑን ሳይዘፍን በተውኔት ድምፅ ያነበንበዋል፤ አስቂኝ ነው፣ ዜማም የለውም። ሰውየው ግን አንድ ነገር ወስኖ እስከ መጨረሻው ሄዶበታል፤ ከላይ ከወደቁት አንዳቸውም ይህን አላደረጉም።

በአንድ እይታ

| ዘፈንና ቅጂ | ምክንያት | ቃል | ዜማ | ራስን መቻል | የእኔ ብይን |
|---|---|---|---|---|---|
| «ሃሌሉያ»፣ ኬል 1991 | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ከቨሩን |
| «ሃሌሉያ»፣ በክሊ 1994 | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ከቨሩን |
| «ሃሌሉያ»፣ በርክ 2008 | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | መካከለኛ | ይለፍ |
| «ሪስፔክት»፣ አሪታ 1967 | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ጠንካራ | ከቨሩን |
| «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»፣ ዊትኒ 1992 | ጠንካራ | መካከለኛ | ጠንካራ | ጠንካራ | ሁለቱንም |
| «ኸርት»፣ ካሽ 2002 | ጠንካራ | ጠንካራ | መካከለኛ | ጠንካራ | ከቨሩን |
| «ፋስት ካር»፣ ኮምብስ 2023 | መካከለኛ | ጠንካራ | ጠንካራ | መካከለኛ | ኦሪጅናሉን |
| «አፍሪካ»፣ ዊዘር 2018 | ደካማ | መካከለኛ | ጠንካራ | ደካማ | ኦሪጅናሉን |
| «አሜሪካን ፓይ»፣ ማዶና 2000 | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | ደካማ | ኦሪጅናሉን |
| «ቢሃይንድ ብሉ አይስ»፣ ሊምፕ ቢዝኪት 2003 | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | መካከለኛ | ኦሪጅናሉን |
| «ቱቲ ፍሩቲ»፣ ቡን 1956 | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | ደካማ | ኦሪጅናሉን |

ለማን የትኛው?

ሩብ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው የኦቲስንና የአሪታን «ሪስፔክት» በተከታታይ፣ ከዚያ የካሽን «ኸርት» ይስማ። ሙሉ ምሽት ያለው «ሃሌሉያ»ን ከኮኸን ጀምሮ በዓመታቸው ቅደም ተከተል ይክፈት፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባ ማን ከማን እንደተማረ አይሰማውም። ለግብዣና ለጭፈራ ታማኝ ቅጂም ቢሆን አይጎዳም፤ እዚያ ሰው የሚፈልገው አብሮ መዝፈን ነው።

ገንዘብ ለማውጣት የማይፈልግ ማስታወቂያ እያሰሙ በነጻ የሚያስደምጡት መተግበሪያዎች ይበቁታል፤ አብዛኞቹ ቅጂዎች አሉ። ዲስክ የሚገዛ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ «ግሬስ» ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ አልበም ነው፤ ዊትኒን ብሎ የ«ዘ ቦዲጋርድ»ን አልበም የሚገዛ ግን ከእሷ ስድስት ዘፈን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ የቀረው የሌሎች ነው።

ራሱ ከቨር ሊያወጣ የሚያስብ ድምፃዊ ደግሞ መለኪያዎቹን ከመቀረጹ በፊት በራሱ ላይ ይሞክር፤ በተለይ የመጀመሪያውን። «ምኑን ነው የምለውጠው?» ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ከሌለው ሌላ ዘፈን ይፈልግ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ከ1909 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሥርዓት፣ አንድ ጊዜ በፈቃድ የታተመን ዘፈን ማንኛውም ሰው በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ ዳግም መቅረጽ ይችላል፤ በ2024 ክፍያው ከአምስት ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ የተሸጠ ቅጂ 12.4 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ቅንብሩን ለራስ ስልት ማስማማት ይፈቀዳል፤ ግጥሙን መተርጎም ወይም ዋናውን ዜማ መለወጥ ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቪዲዮ መሥራትም እንዲሁ የተለየ ስምምነት ያስፈልገዋል።

ክፍያው የሚደርሰው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ከቨሩ ምንም ያህል ቢሸጥ ዘፋኙ በደራሲነት የሚያገኘው የለም። የሶፍት ሴል ቡድን አባላት በ1981 የግሎሪያ ጆንስን «ቴይንትድ ላቭ» በሲንተሳይዘር ሠርተው ዓለም አቀፍ ዝና ሲያገኙ፣ በነጠላ ዲስኩ ጀርባ ላይ ያስቀመጡትም ሌላ ከቨር ነበር። ያኔ ጀርባው ላይ ያለው ዘፈን ደራሲም ከሽያጩ ድርሻ ስለነበረው፣ አንድ የራሳቸውን ሥራ ቢያስቀምጡ ኖሮ በተሸጠ ቁጥር ይከፈላቸው ነበር። ከቨር ስታወጡ ከጎኑ አንድ የራሳችሁን ዘፈን አኑሩ።